ለቀለበት ግዢ ወደ ፒያሳ

አራዳ ጊዮርጊስ ከቆመበት ከፍታ ቍልቍል የሚወርደው ሰፈር ፒያሳ የሚለውን ስም ያገኘው በጣሊያን ወረራ ዘመን ነው። ቃሉ በባለቤቶቹ ቋንቋ አደባባይ ማለት ሲሆን፥ ባለቤቶቹ በ1933 ዓ.ም. ተሸንፈው ሲወጡ ስሙ ግን ሳይወጣ ቀረ። ከዓድዋ ድል በኋላ የታነጸው ባለ ስምንት ማዕዘኑ ቤተ ክርስቲያንና በ1923 ዓ.ም. የተመረቀው የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት ከሚታዩበት ከዚሁ ስፍራ ዝቅ ብሎ የወርቅ ቤቶች ጐን ለጐን ተደርድረው ይገኙ ነበር። ለብዙ ዘመን በአዲስ አበባ «ቀለበት ሊገዙ ነው» ከተባለ «ፒያሳ ሊሄዱ ነው» ማለት ነበረ።

ለአብዛኛው የአገራችን ሰው ግን የወርቅ ቀለበት የቅርብ ጊዜ ነገር ነው። የባላገሩ ጌጥ ብር ነበረ፤ ብሩም በገንዘብ መልክ የገባው ማርትሬዛ ነው። አንዱ ጠገራ 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከሺህ እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር ነው፤ በየትኛውም ዓመት ቢመታ የሚጻፍበት ዘመን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር 1780 ብቻ ነው። አንጥረኛው ይህን በወናፍ አቅልጦ መስቀልም፥ አልቦም፥ ድሪም፥ ቀለበትም ያወጣበት ነበር። አያቶቻችን የእጁን ሥራ በአንገታቸውና በጣታቸው እያጌጡ ሰውየውን ግን ቡዳ ነው እያሉ ከማዕዳቸው ያርቁት እንደ ነበር ሳስብ ይገርመኛል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከባሕር ማዶ የመጡ አርመናውያን ወርቅ ሠሪዎች በቤተ መንግሥት ተከብረው ሲሠሩ፥ ያው ሙያ በአገሩ ልጅ እጅ ሲሆን የሚያስነቅፍ ነበረ።

የእኅቴ ልጅ በደብረ ብርሃን የሒሳብ ሠራተኛ ነው። ቃና ዘገሊላ በዋለ ማግሥት፥ ቅዳሜ ጥር 13 ቀን 2015 ዓ.ም.፥ እርሱና እጮኛው እኔን በሽማግሌነት አስከትለው ተነሡ፤ ዕድሜዬ አርባዎቹን ገና ባይጨርስም ለዚህ ጕዳይ ሽማግሌ ተብያለሁ። 130 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዘን አዲስ አበባ ገባን። ከሦስታችን አንዳችንም ከዚያ ቀን በፊት ወርቅ ቤት ገብተን አናውቅም።

አንባቢ ሆይ፥ ዛሬ ወደዚያ ብትሄድ ያን ጊዜ ያየነውን አታገኝም። በ2016 ዓ.ም. በተደረገው መልሶ ማልማት ከፒያሳ የቆዩ ቤቶች ብዙዎቹ ፈርሰዋል፤ እኛ በሄድንበት ቀን ገና በመሠራት ላይ የነበረው የዓድዋ ድል መታሰቢያም በዚያው ዓመት ተመርቋል። የማወጋው እንግዲህ በዚያ ቅዳሜ ስለ ነበረው ነው።

በመጀመሪያ የገባንበት ቤት መስተዋቱ የሚያብለጨልጭ፥ ሻጩም አንደበቱ የለሰለሰ ነበር። ቀለበቱን ከሣጥን አውጥቶ በልጅቱ ጣት ላይ ካደረገ በኋላ ዋጋውን በአንድ ቃል ነገረን። ስንት ግራም ነው? ብለን ብንጠይቅ፥ «እኅቴ፥ የሚያምርብሽን ተመልከቺ እንጂ ግራሙን ምን ያደርግልሻል?» አላት። ልጅቱም ቀለበቱን ቀስ ብላ አውልቃ በጨርቁ ላይ አስቀመጠችው፤ እግዜር ይስጥልኝ ብላ ወጣች፤ እኛም ተከተልናት።

በሁለተኛው ቤት ያገኘናቸው ሸምገል ያሉ ሰው ነበሩ። ከሁሉ በፊት ሚዛኑን ወደ እኛ አዞሩት። ንጹሕ ወርቅ 24 ካራት እንደሚባል፥ እርሱ ግን ልስልስ ስለ ሆነ ለዕለት ጌጥ እንደማይጸና፥ ስለዚህ ከመዳብና ከብር ጋር እንደሚደባለቅ አስረዱን። መዳቡ ሲበዛ ወደ ቀይ ይሄዳል፤ ብሩ ሲበዛ ይገረጣል። 18 ካራት ማለት ከ24 እጅ 18ቱ ወርቅ ነው፤ ስለዚህ አራት ግራም የሚመዝን ቀለበት ንጹሕ ወርቁ ሦስት ግራም ነው። በቀለበቱ ውስጠኛ ፊት በአጕሊ መነጽር ብቻ የምትነበብ 750 የምትል ቍጥር አሳዩን፤ ከሺህ 750 እጅ ማለት ነው። 875 ካለ 21 ካራት መሆኑን፥ 916 ካለ 22 መሆኑን የእኅቴ ልጅ ሰውየው ሳይነግሩት በሒሳብ ደረሰበት፤ በዚህም ደስ አላቸው።

ቀጥለውም ነጋዴ ለደንበኛው ሲናገረው የማልጠብቀውን ነገር ነገሩን። ዋጋው ሁለት ክፍል አለው፤ አንዱ የወርቁ ክብደት፥ ሌላው የእጅ ዋጋ ነው። ጌጡ የተወሳሰበ በሆነ ቍጥር የእጅ ዋጋው ይከብዳል፤ ቀለበቱን አንድ ቀን ለመሸጥ ቢቸግራችሁ ግን ያ ገንዘብ አይመለስም፥ የሚመዘንላችሁ ወርቁ ብቻ ነው። ስለዚህም ደረሰኙ ላይ ግራሙም ካራቱም ተለይቶ ይጻፍ፤ ያልተጻፈበትን አትቀበሉ አሉ።

የእኅቴ ልጅ ዐይኑን የጣለው ኦፓል በተባለው ድንጋይ ላይ ነበር። ይህ ድንጋይ የራሳችን ነው፤ በሰሜን ሸዋ በመዘዞ፥ በወሎም በወገል ጤና ይወጣል። የወገል ጤናው በዓለም ገበያ ስሙ የተጠራው ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ነው። በብርሃን ፊት ሲያዞሩት ቀዩም አረንጓዴውም ሰማያዊውም በውስጡ እንደ እሳት ይጫወታል። ሽማግሌው ግን ወደ ልጅቱ ዘወር ብለው «ልጄ፥ ልብስ በእጅሽ ታጥቢያለሽ?» ሲሉ ጠየቋት። አዎን አለች። የወገል ጤና ኦፓል ውሃ ይጠጣል፤ ሲጠጣም እንደ ብርጭቆ ጠርቶ ቀለሙን ያጣል፥ የሚመለሰውም ከደረቀ በኋላ ነው፤ ደግሞም ከአሸዋ የለሰለሰ ስለ ሆነ በቀላሉ ይጫራል። ለአንገት ወይም ለጆሮ ጌጥ እንጂ ሥራ ለማይለየው ጣት አልመክርም አሏት። በምድራችን የወጣ እንዲህ ያለ ውበት ለቤት እመቤት እጅ የማይሆን መሆኑ ጥቂት አሳዘነኝ።

ክርክሩ የተነሣው በክብደቱ ነው። የእኅቴ ልጅ የቈጠበው ገንዘብ ለሁለቱ ቀለበት ይበቃው ነበር፤ ነገር ግን የሥራ ባልደረቦቹ ያሰሩትን እያሰበ ለእርሷ ስድስት ግራም ይሁን አለ። የጐደለውን ከመሥሪያ ቤቱ የቍጠባ ማኅበር ተበድሮ በሁለት ዓመት ሊከፍል ነው። «ቤተ ሰቦቿ ምን ይሉኛል? ጋሼ፥ እስቲ እርስዎ ይፍረዱ» አለኝ። እኔ አፌን ሳልከፍት ልጅቱ ቀደመችኝ፤ «ጋሼ፥ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ለአባቴ የሚነግረው እኔ ነኝ። የሁለት ዓመት የቤት ኪራያችንን በጣቴ ላይ አድርጌ አልዞርም» አለች።

ልጁ ፊቱ ተለዋወጠ፤ በሰው ፊት የተዋረደ መሰለው። ወደ ውጭ ይዤው ወጣሁና ከደጁ ቆመን ጥቂት ተነጋገርን። በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ማጨትና ማግባት የተለያዩ እንደ ሆኑ፥ ፍትሐ ነገሥትም በ24ኛው አንቀጹ ስለ ማጨት ለይቶ እንደሚናገር ያውቃል፤ በዲቍና የተማርሁትን ከልጅነቱ ጀምሮ ሳወራው ሰምቷል። እኔ የነገርሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በተክሊሉ ቀን ቀለበቱን ተቀብሎ የሚጸልይበት ቄስ ስንት ግራም ነው ብሎ አይጠይቅም። እርሱም ሳቀ። ነገር ግን በሳቅ የተሸፈነ ቅሬታ እንደ ነበረው አልተሰወረኝም፤ ወንድ ልጅ ለሚወዳት የሚችለውን ሁሉ ላድርግ ማለቱ የሚያስወቅሰው አይደለም።

ተመልሰን ገባን። ለእርሷ ሦስት ግራም፥ ለእርሱ አራት ግራም፥ ሁለቱም ያለ ድንጋይ፥ ልሙጥና 18 ካራት። ልጅቱ የጣቷን ልክ ያስለካችው ሁለት ጊዜ ነው፤ ጧት በብርድ ጣት ይኰማተራል፥ ከቀትር በኋላ ግን ያብጣልና ሽማግሌው ሻይ ጠጥታችሁ ተመለሱ ብለው ነበር። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሆኗል፤ የወርቅም ዋጋ በዓለም ላይ እጅግ ንሯል። ያን ቀን ሰባት ግራም የገዛው ገንዘብ ዛሬ የዚያን ሲሶ እንኳ የሚገዛ አይመስለኝም።

የቀረው ጽሑፉ ነበር። ቀራጩ በደረጃው ሥር ከአንዲት ጠረጴዛ ኋላ የተቀመጠ ወጣት ነው። በውስጥ በኩል የሁለቱ ስምና የቀለበቱ ቀን፥ አስተርእዮ ማርያም፥ ጥር 21 ቀን 2015 እንዲጻፍ ተስማሙ። ቀኑ በግእዝ ቍጥር ይሁንልን ያለችው ልጅቱ ናት። ወጣቱ እንዲህ ያለ ትእዛዝ ደርሶት እንደማያውቅ ተናግሮ እንድጽፍለት ወረቀት ሰጠኝ፤ እኔም ፳፩ እና ፳፻፲፭ ብዬ ጻፍሁለት። ወረቀቱን ወደ መብራቱ አስጠግቶ ረጅም ጊዜ አየው። ከየቍጥሩ በላይና በታች ያለውን ሰረዝ በዚህች ጠባብ ወርቅ ላይ አንድ በአንድ ለመቅረጽ አይቻልም አለ። ጥቂት ካሰበ በኋላ ግን ከላይ አንድ፥ ከታች አንድ ቀጭን መስመር ቀለበቱን ዙሪያውን አስኪዶ ቍጥሮቹን በመካከላቸው አስቀመጣቸው።