ያልተከፋፈለ ውርስ በታላቅ ወንድም እጅ

ከወላጅ የቀረ ሀብት ሳይከፋፈል በአንድ ወራሽ እጅ ሲቆይ፣ ያ ሰው ከራሱ ድርሻ ጋር የእህት ወንድሞቹንም ይዟል። በጂንካና በዙሪያዋ ቤተሰብን ለዓመታት የሚያኳርፈው፣ ብሎም ፍርድ ቤት የሚያቆመው ጠብ ብዙውን ጊዜ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። ማን ወራሽ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ የማይታወቀው ኪራዩ የት እንደገባ፣ የተሸጠው በሬ ገንዘብ ለምን እንደዋለ ነው።

በዚያው አካባቢ በሚኖሩት ሐመሮች ዘንድ የአባት መንጋ የሚቆየው በታላቅ ወንድ ልጅ ሥር ነው። የልደት ቅደም ተከተል እዚያ ትልቅ ነገር ነው፤ ለጋብቻ በሚያበቃው የከብት ዝላይ ሥርዓት ታላቁ ሳይዘል ታናሹ አይዘልም። ከ1960ዎቹ ጀምሮ ሐመሮችን ያጠኑት ጂን ሊዳልና ኢቮ ስትሬከር ስለዚህ ሥርዓት ብዙ ጽፈዋል። የታላቅ ወንድም ሥልጣን ግዴታም አለበት፤ ታናናሾቹ ሲያገቡ ጥሎሹ የሚወጣው ከዚያው መንጋ ነው። ከብቱም ሁሉ አንድ በረት አያድርም። ከፊሉ «ቤል» በሚባሉ የቃል ኪዳን ወዳጆች ዘንድ ይቀመጣል፤ ድርቅ ወይም በሽታ አንዱን ቀዬ ቢመታ የሌላው ይተርፋል። ስለዚህ አባት ሲሞት ወራሹ የትኛዋ ላም ማን ዘንድ እንዳለች፣ ጥጃዋም የማን እንደሆነ አብሮ ይረከባል። ይህ በወረቀት አልሰፈረም። ነገር ግን እረኛው ልጅ ሳይቀር ከብቱን በቀለሙና በቀንዱ ስለሚለይ፣ አንዷ ብትጎድል የት ሄደች ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም።

ሙርሲዎች ደግሞ ለአንዲት ሙሽራ በወጉ 38 ከብት እንደሚጠይቁ ለረጅም ዘመን ያጠናቸው ዴቪድ ተርተን ጽፏል። የሙሽራዋ አባት ከብቱን ብቻውን አይዘውም፤ ከልዩ ልዩ ጎሳ የሆኑ ዘመዶች ድርሻችን ብለው ይመጣሉ። በረቱ የአንድ ሰው ቢመስልም ባለመብቱ ብዙ ነው፣ ይህንንም በረቱን የያዘው ሰው ያውቀዋል።

ከተማ ውስጥ የጠፋው ይኸው ዕውቀት ነው። የሚወረስ የኪራይ ቤት በኢትዮጵያ ከተሞች ለዓመታት ተቋርጦ የነበረ ነገር ነው፤ በ1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ካደረገ በኋላ ግለሰብ ቤት ማከራየት አይችልም ነበር። ዛሬ ልጆች የሚካሰሱባቸው ሱቆችና የኪራይ ክፍሎች በአብዛኛው ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ የተሠሩ ናቸው። ስለ አስተዳደራቸው ከአያት የተወረሰ ወግ የለም።

የተለመደው አካሄድ ይህን ይመስላል። ከመንገድ ዳር ሁለት ሱቅ፣ ከኋላ እናት የምትኖርበት ቤት አለ። አንዷ ልጅ አርባ ምንጭ፣ ሌላው አዲስ አበባ ናቸው፤ ጂንካ የቀረው ታላቁ ነው። ሐዘኑ ሳይበርድ «አንተ ታውቃለህ» ተብሎ ይተውለታል፣ ውክልናም ይሰጠዋል። እሱ ኪራይ ይሰበስባል፣ የቤትና የቦታ ግብር ይከፍላል፣ ያረጀ ቆርቆሮ ይቀይራል፣ እናቱን ያሳክማል። ደረሰኝ ግን አይዝም፤ ለገዛ ቤተሰቡ ደረሰኝ መያዝ ነውር ይመስለዋል። ከዓመታት በኋላ እህቱ ድርሻዋን ስትጠይቅ ልፋቱን እንደካደችው ይቆጥራል፤ እሷም የበላት ይመስላታል። ሁለቱም እውነት አላቸው። የሚያስታርቃቸው አንድ ደብተር ነበር፣ እሱም አልተጻፈም።

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ይህን አስቀድሞ አስቦበታል። ልጆች፣ ወንድም ሆኑ ሴት፣ እኩል ይወርሳሉ። ውርሱ እስኪጣራ ድረስ ራሱን የቻለ ሀብት ሆኖ ይቆያል፤ አጣሪውም ዕዳ ከፍሎ፣ ንብረቱን ቆጥሮ ሒሳብ ያቀርባል። ከዚያ በኋላ ሳይከፋፈል ከቀረ ንብረቱ የጋራ ነው፦ ኪራዩ እንደየድርሻው የሁሉም ነው፣ ለመሸጥ ሁሉም መስማማት አለባቸው። ሚስት ከባሏ ያለ ኑዛዜ አትወርስም፤ የጋራ ሀብቱ ግማሽ ግን ከመጀመሪያውም የራሷ ነው። ይህ ተረስቶ ልጆች የእናታቸውን ግማሽ ጨምረው ሲካፈሉ ማየት ያሳዝናል። ሕጉ አደራንም ያውቃል። አባት በኑዛዜ ወይም በስጦታ ንብረቱን ባለአደራ እንዲያስተዳድረው፣ ገቢውም ለእነ እገሌ እንዲውል ማዘዝ ይችላል።

ሽማግሌ ደጋግሞ የሚገጥመው ክርክር ግን «አባታችን ሲሞት እንዲህ ብሎ ነበር» የሚለው ነው። የቃል ኑዛዜ ስለ ቀብር፣ ለአካለ መጠን ስላልደረሱ ልጆች ጥበቃ፣ እንዲሁም ከ500 ብር ስላልበለጠ ስጦታ ካልሆነ አይጸናም፤ ቤትም ሱቅም በቃል አይተላለፍም። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ ተጽፎ በ4 ምስክሮች ፊት ይነበባል፤ በእጅ የሚጻፈው ደግሞ ሙሉ በሙሉ በተናዛዡ እጅ መጻፍ አለበት።

ሽማግሌ ሊዳኝ ይችላል፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 የቤተሰብ ጉዳይ በተከራካሪዎቹ ፈቃድ በባህል እንዲታይ ይፈቅዳል። ሆኖም አንቀጽ 35 ሴቶች በውርስ እኩል እንዲታዩ ያዛል። እህቶች ሳይጠሩ፣ ወንድሞች ብቻ ተቀምጠው የጨረሱት እርቅ ፈቃዷን ያልተጠየቀችውን እህት ሊያስራት አይገባም። ፍርድ ቤት ሲደረስ ደግሞ በዓይነት ሊከፈል ያልቻለ ቤት በሐራጅ ይሸጣል፣ እናትም ከኖረችበት ግቢ ትወጣለች። የማይገባውን ውርስ በያዘ ሰው ላይ የሚቀርብ የወራሽነት ክስ፣ ወራሹ መብቱንና መያዙን ባወቀ በ3 ዓመት ውስጥ ካልቀረበ ይታገዳል።

ስለዚህ ውርስ በእጃችሁ ያለ ታላላቆች፣ ሳትጠየቁ ሒሳቡን አሳዩ። ታናናሾችም ውክልና ስትሰጡ ማን እንደሚሰበስብ፣ ለልፋቱ ምን እንደሚያገኝ፣ ለእናት በወር ስንት እንደሚቀመጥ፣ መቼም እንደሚከፋፈል በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ሁላችሁም ፈርሙበት።