ሁለት ጊዜ የተከደነው በራድ

በቻይና አገር በጂያንግሱ ክፍለ ሀገር፣ ከታይ ሐይቅ በስተ ምዕራብ ዪሺንግ የምትባል ከተማ አለች። ስሟ ከአገሯ አልፎ በውጭ የተሰማው በጦርነት ወይም በንጉሥ መቀመጫነት ሳይሆን በሻይ በራድ ነው። በራዱ የሚሠራበትን ሸክላ የአገሩ ሰዎች ዚሻ ይሉታል፤ ትርጓሜውም ሐምራዊ አሸዋ ማለት ነው።

የበራዱም ነገር የመጣው ከሻይ አጠጣጥ ለውጥ ነው። ቀድሞ ቻይናዎች የሻዩን ቅጠል ጨፍልቀው እንደ ቂጣ አድርቀው ያስቀምጡትና፣ ሲፈልጉ ፈጭተው ዱቄቱን በጽዋ ውስጥ ከፍል ውሃ ጋር ይመቱት ነበር። የሚንግ ሥርወ መንግሥት መሥራች ንጉሠ ነገሥት ሆንግዉ ግን በ1391 (ዘመኑ በኤውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ ከዚህ በታች ያለውም እንዲሁ) የሕዝቡን ድካም አይቶ ቂጣው ሻይ ለግብር መቅረቡ እንዲቀር አዘዘ። ከዚያ ወዲህ ቅጠሉን እንዳለ በፍል ውሃ መዘፍዘፍ እየተለመደ ሄደ፤ ለዚህም ክዳን ያለው ትንሽ ዕቃ አስፈለገ።

ጥበቡ እንዴት እንደ ተጀመረ በአሥራ ሰባተኛው መቶ ዓመት የነበረ ጆው ጋኦቺ የተባለ ጸሐፊ ጽፎአል። በጂንሻ የቡድሃ ቤተ መቅደስ አንድ አረጋዊ መነኩሴ ሸክላ እያጣራ በእጁ በራድ ይሠራ ነበር። ዉ ዪሻን የተባለ ሊቅ በዚያ ተቀምጦ ሲያጠና፣ ጎንግ ቹን የሚባል አሽከሩ የመነኩሴውን እጅ በስውር እየተመለከተ ሥራውን ቀሰመ። ይህም በዠንግደ ዘመነ መንግሥት፣ ከ1506 እስከ 1521 ባለው ጊዜ እንደ ነበረ ይነገራል። የመምህሩ ስም ጠፍቶ ሳይጠሩት ያየው የአሽከሩ ስም ቀረ።

የአሠራሩ ልማድ እንዲህ ነው። ከተራራ የሚወጣው አፈር እንደ ድንጋይ የጠነከረ ስለ ሆነ፣ በፀሐይና በዝናብ እስኪፈረፈር በሜዳ ይተዉታል፤ ከዚያም ፈጭተው፣ ነፍተው፣ በውሃ ለውሰው ብዙ ጊዜ ያቆዩታል። ሠሪው በሚዞር መዘውር ላይ አያወጣውም። ሸክላውን በእንጨት መዶሻ መትቶ እንደ ቆዳ ይዘረጋዋል፤ በልኩ ቆርጦም ክብ አድርጎ ያጋጥመዋል። በግራ እጁ ጣቶች ከውስጥ እየደገፈ፣ በቀኝ እጁ በያዘው ጠፍጣፋ እንጨት ከውጭ በቀስታ እየመታ ሆዱን ያወጣል፤ አፉን ያጠብባል። ገላውን በቀጭን የጎሽ ቀንድ ያለሰልሰዋል እንጂ የሚያብረቀርቅ ቅብ አይቀባውም። ክዳኑ እንዴት እንደ ገጠመ ለማወቅ ውሃ እየቀዱ በክዳኑ ጉልላት ላይ ያለችውን ቀዳዳ በጣት መድፈን ነው፤ ያን ጊዜ ውሃው ቀጥ ካለ ሥራው የባለሙያ ነው። ብዙ ዘመን ያገለገለ በራድ ያለ ቅጠል ሻይ ያወጣል የሚሉም አሉ፤ ይህ ግን ከጠጪ ይልቅ ለሻጭ የሚጠቅም ወሬ ነው።

በዪሺንግ መልክ እንደ ቃል ይነበባል። ቼን ሆንግሾው (1768–1822) የተባለ ባለሥልጣንና የጽሕፈት ሊቅ፣ ከሸክላ ሠሪው ከያንግ ፔንግኒያን ጋር ሆኖ በበራድ ላይ አጫጭር ግጥም ያስቀርጽ ነበር፤ ቃሉም ስለ በራዱ ቅርጽ የተነገረ እየመሰለ ስለ ሰው ጠባይ ይናገራል። ሰምና ወርቅ ለለመደ አንባቢ ይህ እንግዳ አይሆንበትም።

ንባብ ባለበት ግን የንባብ ስሕተትም አለ። በ1928 ቹ ናንቺያንግ የተባለ የዪሺንግ ሰው በሱጆው ገበያ ገላው ሁሉ ጎርበጥባጣ የሆነ፣ የጎንግ ቹን ስም ያለበት አሮጌ በራድ አግኝቶ ገዛ። የቀድሞ ክዳኑ ጠፍቶ ነበርና፣ ኋንግ ዩሊን የተባለ ስመ ጥር ሠሪ አስቀድሞ ሌላ ክዳን ሠርቶለት ነበር። ኋንግ ዩሊንም ጎርበጥባጣውን ገላ እንደ ዱባ ስለ ተመለከተው፣ ክዳኑን የዱባ ቅንጣቢ አስመስሎ አወጣው። በኋላ ሠዓሊው ኋንግ ቢንሆንግ በራዱን አይቶ፣ ገላው የዛፍ ጉጥ ሆኖ ሳለ የዱባ ራስ አይስማማውም አለ። ስለዚህ ቹ ናንቺያንግ ፔይ ሺሚን ለተባለ ሸክላ ሠሪ ነግሮ፣ በዛፍ ላይ የሚበቅል እንጉዳይ የሚመስል ሌላ ክዳን አሠራ። በዚህም ክዳን ዙሪያ በራዱን የሠራው፣ ዱባ ነው ብሎ የተሳሳተው፣ ጉጥ መሆኑን ያወቀውና ክዳኑን እንደገና የሠራው በየስማቸው ተቀረጹ። የተሳሳተውን ሰው ሳይሸሽጉ ከሠሪው አጠገብ መጻፋቸው የሚያስመሰግን ነው፤ እርሱም ቢሆን ሥራ የማያውቅ ሰው አልነበረም።

ቹ ናንቺያንግ በራዱን በ1952 ለመንግሥት ሰጠ፤ አሁን በቤይጂንግ በቻይና ብሔራዊ ሙዚየም ይገኛል። ዳሩ ግን ገላው በእውነት የጎንግ ቹን እጅ ሥራ ለመሆኑ ሊቃውንቱ አይስማሙም፤ ብዙዎችም በኋላ ዘመን የተሠራ ነው ይላሉ። መጠራጠራቸውም ያለ ነገር አይደለም። ከ1930 በኋላ ባሉት ዓመታት የሻንጋይ የጥንት ዕቃ ነጋዴዎች የዪሺንግን ምርጥ ሠሪዎች ቀጥረው በጥንት ሊቃውንት ስምና ማኅተም በራድ ያሠሩ ነበር፤ በኋላ የዘመኑ ታላቅ መምህር የተባለው ጉ ጂንግጆውም (1915–1996) በወጣትነቱ ከእነዚህ አንዱ ነበር። ስለዚህ ከበራዱ በታች ያለ ማኅተም ብቻውን ለምስክርነት አይበቃም። በዚያ በራድ ላይ ክርክር የሌለበት የፔይ ሺሚን ክዳን ነው።