ቮልሷ፣ ሁለተኛ ማርሽ ላይ

ሐምሌ 8፣ ማክሰኞ

ሌሊቱን ሲያወርደው አደረ። ጠዋት ቀበና ዳገት ላይ ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ሳስገባ ጮኸች። አጭር ድምፅ፣ ብረት ከብረት። ጎኔ የቆመው የሚኒባስ ረዳት አንገቱን አውጥቶ አየኝ። ድጋሚ ስሞክር ገባ። ብርዱ ይሆናል።

ሐምሌ 9፣ ረቡዕ

ዛሬም። ሁለተኛ ላይ ብቻ። ማታ ስመለስ፣ ካምቢዮው ከሞቀ በኋላ፣ እምብዛም አልሰማሁም። ዘይት በብርድ ይወፍራል። ሲወፍር የሲንክሮው ቀለበት ከማርሹ አንገት ላይ ዘይቱን ጠርጎ ቶሎ መያዝ ያቅተዋል፤ ሁለቱ እኩል መዞር ሳይጀምሩ ጥርስ ከጥርስ ይገናኛል። ያስኬዳል። ግን ያለፈው ክረምትም ቀዝቃዛ ነበር፤ ያኔ አልጮኸችም።

የኋላ ማርሽስ? ትናንት ከግቢ ስወጣ ጮኾ ነበር መሰለኝ። እርግጠኛ አይደለሁም።

ሐምሌ 12፣ ቅዳሜ

ሚካኤል። ከጠዋት ጀምሮ መንገዱ ነጠላ በለበሰ ሰው ሞልቷል።

ሰፈር ያለው ጋራዥ ወሰድኳት። ልጁ አንዴ እንኳን ሳይነዳት «ሞተሩም ካምቢዮውም ይወርዳል» አለ። ዋጋውን ጠራ። ዝም ስል ጊዜ «ካልሆነ ከሶማሌ ተራ ሌላ ካምቢዮ ይገዛልሃል» ብሎ ጨመረ።

የከነከነኝ ዋጋው ብቻ አይደለም። ጩኸቱ ከካምቢዮ ስለመጣ ጥፋቱ የካምቢዮ ነው? ፍሪሲዮኑ ሞተሩን ከካምቢዮው ሙሉ በሙሉ ካልለየው ጤነኛ ካምቢዮም ይጮኻል። ይህን ለማጣራት ደግሞ ምንም ማውረድ አያስፈልግም፤ ትንሽ ጊዜና ጆሮ ይበቃል። ልጁ ግን ችኩል ነበር። እንደማስብበት ነግሬው ወጣሁ።

ከሰዓት በኋላ ጎርፍ።

ሐምሌ 13፣ እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ዝናቡ ፋታ ሰጠ። ግቢ ውስጥ ሞከርኳት።

ሞተር ጠፍቶ፦ አራቱም ይገባሉ፣ የኋላውም። ዘንጉ አልላላም፣ ቦታቸውን አይስትም። የኋላ ወንበሩን አንስቼ፣ ከሥሩ ያለውን ክዳን ፈትቼ፣ የማርሽ ዘንጉ ከካምቢዮው ጋር የሚገናኝበትን አየሁ። ቡሹ አልተበላም። እሱ ቢበላ ኖሮ ማርሹ በግማሽ እየገባ መጮኹ አይገርምም ነበር።

ሞተር ተነስቶ፣ ቆማ፦ አንደኛ ትንሽ ያንገራግርና ይገባል። የኋላው፣ ፍሪሲዮን እንደረገጥኩ ወዲያው፣ ጩኸት። ይህ ብቻውን ምንም አይነግርም። የቮልስ የኋላ ማርሽ ሲንክሮ የለውም፤ የካምቢዮው መግቢያ ዘንግ በራሱ ጊዜ እስኪቆም መጠበቅ ነው። እንደረገጥኩ ቀስ ብዬ እስከ አስር ቆጠርኩ። ከዚያ አስገባሁ። ጮኸ።

ፔዳሉ ወለል ነክቶ፣ ይህን ያህል ቆይቶ፣ ዘንጉ አሁንም የሚዞር ከሆነ የሚያዞረው ሞተሩ ነው። ፍሪሲዮኑ አይለቅም።

ደስ አለኝ። ከዚያ ደስታው ቀዘቀዘ። ፍሪሲዮን ከሆነ ሦስተኛና አራተኛ ላይ ለምን አይሰማም? ምናልባት ጤነኛ ሲንክሮ ትንሽ የፍሪሲዮን ጉድለትን ችሎ ይሸፍናል፤ ያረጀው ያጋልጠዋል። እንዲያ ከሆነ ሁለት በሽታ ነው ያለባት። ወይም እኔ ነኝ ሁለት ያደረግኩት።

ዜሮ ላይ ሆና ፍሪሲዮን ስለቅ የሚያጉረመርም ነገር የለም። ስረግጥም አዲስ ድምፅ አይመጣም። ኩሽኔታዎቹ ለጊዜው ይቆዩ።

ሐምሌ 16፣ ረቡዕ

መብራት ጠፍቷል። በሻማ የድሮውን መጽሐፍ አገላበጥኩ። አንደኛ 3.80፣ ሁለተኛ 2.06፣ ሦስተኛ 1.26፣ አራተኛ 0.89።

ሞተሩ በደቂቃ 3000 ዙር ሲዞር ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ብቀይር፣ የመግቢያው ዘንግ ወደ 1626 መውረድ አለበት። ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ቢሆን 1835 ላይ ይቆማል። ቁልቁለት ላይ ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ስመልስ ደግሞ ከ2000 ወደ 3270 መውጣት አለበት። ይህን ሁሉ የሚያደርገው ያ ቀጭን የነሐስ ቀለበት ነው፤ በግጭት ብቻ፣ በአንድ እፍታ። ከፒያሳ እስከ ቀበና ስንት ጊዜ? ሁለተኛ ማርሽ በዚህ ከተማ የሚያርፍበት ሰዓት የለውም። ከአራቱ ቀድሞ እሱ ቢያልቅ አይፈረድበትም።

ፍሪሲዮኑ ትንሽ እንኳን ከጎተተ ደግሞ ቀለበቱ የሚያቆመው ዘንጉንና ዲስኮውን ብቻ አይደለም፤ ከሞተሩ ጋር ይታገላል። ከፍሪሲዮኑ መጀመር አለበት።

ሐምሌ 19፣ ቅዳሜ

ቁልቢ ገብርኤል። ከተማው ጭር ብሏል፣ ወይም ለእኔ መሰለኝ።

ጋሼ ጋ ሄድኩ። ቮልስ ሲሠራ ያረጀ ሰው ነው፤ ሌላ መኪና ቢመጣለት «ልጆቹ ይዩት» ይላል። መጀመሪያ ራሱ ነዳት። መስኮቱን ዘግቶ፣ ሬዲዮኑን አጥፍቶ፣ ምንም ሳይናገር እስከ አደባባዩ ደርሶ ተመለሰ። የኋላውን ማርሽ እንደኔው ቆይቶ ሞከረ። ከዚያ ፔዳሉን በእጁ ገፋ ገፋ አደረገው። ከ10 እስከ 20 ሚሊሜትር ባዶ መሄድ አለበት። የኔዋ ከዚያ እጅግ አልፋ ነው የምትይዘው። የረገጥኩት ግማሹ ከንቱ ነበር ማለት ነው።

የግራውን የኋላ ጎማ አወለቀ፣ ካርቶን አንጥፎ ገባ። «ና እይ ልጄ።» ካቦው ባለክንፉ ዳዶ አጠገብ ተበጥሷል፤ ሙሉ በሙሉ ሳይሆን ክሮቹ አንድ በአንድ። የቀሩት ተስበው ረዝመዋል።

ዳዶውን አጥብቆ መስደድ ይችል ነበር። አላደረገውም። «ዛሬ ይስተካከላል፣ ነገ መገናኛ ላይ ይበጠሳል» አለ።

ካቦ ተገዛ። ማስገባቱ ነው ያስቸገረው፤ በመሀል ወለሉ ዋሻ ውስጥ ካቦው የሚያልፍበት ቱቦ አለ፣ የእሱ ብየዳ ከለቀቀም ፍሪሲዮን አይሠራም። የኔዋ ብየዳ ይዟል። ጋሼ በጣቱ ሲነቀንቀው ትንፋሼን ይዤ ነበር።

ሐምሌ 22፣ ማክሰኞ

ጉም። የኋላ ማርሽ፣ ትንሽ ቆይቼ ሳስገባው፣ ድምፅ የለውም። አንደኛም ማንገራገሩን ትቷል። ፔዳሉ ከላይ ይይዛል፤ እግሬ ገና አልለመደውም፣ መብራት ላይ ሁለት ጊዜ ጠፋችብኝ።

ሁለተኛ አሁንም ይጮኻል። ቀንሷል። ጠዋት ላይ፣ ዳገት ላይ፣ ስቸኩል።

ስለዚህ ሁለት ነበር። ወይም ፍሪሲዮኑ አሁንም ጥቂት ይጎትታል። በቮላኖው መሀል ባለው ትልቅ ዳዶ ውስጥ የመርፌ ኩሽኔታ አለ፤ እሱ ቅባት አልቆበት ከደረቀ ፍሪሲዮን ቢረገጥም ዘንጉን ይዞ ያዞራል። ግን እንዲያ ቢሆን የኋላው ማርሽ ዝም ባላለ። ይመስለኛል።

ሐምሌ 25፣ ዓርብ

ጎረቤቴ አዲሷን የኤሌክትሪክ መኪናውን አስነዳኝ። ፍሪሲዮን የለ፣ የሚቀየር ማርሽ የለ። ግራ እግሬ ሥራ ፈትቶ ወለሉን ሲፈልግ ነበር። በ2016 የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ሰፈሩ በነዚህ እየሞላ ነው። «ያንን አሮጌ ሽጠው» አለኝ። ሁለተኛ ማርሹ እንደሚጮኽ እየነገርኩ ማን ይገዛኛል? ሳልነግር ደግሞ አልሸጥም።

ነሐሴ 2፣ ዓርብ

ፍልሰታ ገባ። ሽሮ፣ ሽሮ።

ጋሼ ጋ የካምቢዮውን ዘይት አፈሰስን። ጥቁር፣ ሽታው የሚሰነፍጥ። በጣቶቼ መሀል አሸሁት፤ ፀሐይ ላይ ወርቅማ ብናኝ ያብለጨልጫል። ማግኔት አስጠጋሁ። ወርቅማው አልተሳበም። የተሳበው ትንሽ ግራጫ ጭቃ ነው፣ የዘመኑን ያህል። ስባሪ የለም። ጥርሶቹ ደህና ናቸው ማለት ነው፣ ወይም ገና ናቸው። ያለቀው ነሐሱ ነው።

የትኛው ነሐስ እንደሆነ ግን ብናኝ አይናገርም። አራት ቀለበት አለ።

ሻጩ ጂኤል 5 ሊሰጠኝ ነበር። «ከ4 ይበልጣል፣ ለሁሉም ይሆናል።» ቁጥሩ ከፍ ስላለ የተሻለ ነው ማለት አይደለም። ጂኤል 5 ውስጥ ያለው ብዙ የድኝና ፎስፈረስ ቅመም ለከባድ ዲፈረንሻል የተሰናዳ ነው፤ ለእንደነዚህ ዓይነት ቀለበቶች አይመከርም። ከዚህ በፊት ምን ተሞልቶባት እንደኖረ አላውቅም። ጂኤል 4 ፍለጋ ሦስት ሱቅ ዞርኩ። ሁለት ሊትር ተኩል ገባ።

ነሐሴ 6፣ ማክሰኞ

አዲሱ ዘይት ለውጥ ያመጣ ይመስላል። ወይም ዛሬ ፀሐይ ስለወጣ ነው። ሁለቱን መለየት አልቻልኩም።

ቁልቁለት ላይ ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ስመልስ ፍሪሲዮን ሁለቴ እረግጣለሁ፦ ረግጬ ዜሮ፣ ለቅቄ ነዳጅ ሰጠት፣ ደግሜ ረግጬ ሁለተኛ። ቅቤ። ሥራውን የምሠራው እኔ ነኝ፣ ቀለበቱ ይተኛል። ይህ ግን ማስረጃ አይሆንም፤ ፍጥነቱ ከተስተካከለ ጥፋተኛው ማንም ይሁን ማን ማርሹ ይገባል።

ሐምሌ ላይ ለማስረጃ ጓጉቼ ነበር። አሁን ጉጉቱ ቀነሰ። ገብታ ትሄዳለች።

ነሐሴ 13፣ ማክሰኞ

ቡሄ። ልጆቹ በር ላይ ዱላቸውን እየደበደቡ መጡ። ሙልሙል አልቆብን ብር ሰጠን። ትንሹ ልጅ ቮልሷን እያየ «ትነዳለች?» አለኝ። ትነዳለች አልኩት።

ጠዋት እሷ ሁለተኛ ላይ ጮኻ ነበር። ሁለቴ ረግጬም።

ነሐሴ 17፣ ቅዳሜ

ጋሼ ሁለት መንገድ አለ ይላል። አንዱ ከሶማሌ ተራ የተፈታ ካምቢዮ። እኔ አልወደድኩትም። ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ካምቢዮ አይጮኽም፤ ሁለተኛ ማርሹ ምን እንደሚመስል የሚታወቀው ከተገጠመ በኋላ ነው። ሌላው የራሷን መክፈት፦ ሞተሩ በአራት ብሎን ይወርዳል፣ እሱ ቀላል ነው፤ ካምቢዮው ውስጥ ያሉትን ማርሾች ከዘንጋቸው ማውጣት ግን ፕሬስ ይፈልጋል፣ እሱ ጋ ደግሞ ፕሬስ የለም። የሚያውቀው ሰው አለ።

ሞተሩ ከወረደ አይቀር ዲስኮውንም ያንን የመርፌ ኩሽኔታም እናየዋለን ብሏል። ያኔ ፍሪሲዮኑ ይጎትት እንደነበረ በእርግጥ አውቃለሁ።

«እስከ መስከረም በሁለት እርግጫ ንዳት፣ አታስጩኻት፣ አንተ ቀለበቱን ፈልግ» አለኝ። ሁለት ሱቅ ጠየቅኩ። አንዱ የለም አለ። ሌላው ሰኞ ብቅ በል አለኝ።