«በ» ሲራመድ

መርሳ የወረድኩት ለማንጎ ነበር። ከደሴ የተነሳ ሚኒባስ ሐይቅን፣ ውጫሌንና ውርጌሳን አልፎ ሀብሩ ወረዳ ውስጥ ሲዘልቅ ጃኬት ይወልቃል፣ መስኮት ይከፈታል፣ የፍራፍሬው ዛፍም ይበዛል። ወልድያ ለመግባት 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀረን «ወራጅ!» አልኩ። ሁለት ኪሎ ማንጎ ገዝቼ በሚቀጥለው መኪና ልሳፈር ነበር ሐሳቤ።

ያስቀረኝ ሰማያዊ ማንጎ ነው።

ከመንገዱ ዳር ካለ ጭማቂ ቤት በር በላይ አንድ ባነር ተወጥሯል። ማንጎ፣ ፓፓያና ብርቱካን አንድ ትልቅ ብርጭቆ ከበው ተደርድረዋል፤ ሁሉም ሰማያዊ ናቸው። ሲታተሙ እንዲህ አልነበሩም። የባነር ማሽን ምስሉን ሁሉ የሚሠራው አራት ቀለሞችን እያደባለቀ ነው፤ የመርሳ ፀሐይ ደግሞ ቀዩንና ቢጫውን አስቀድማ በልታ ሰማያዊውን ታስተርፋለች። ከባነሩ ሥር እውነተኛው ማንጎ በሳህን ተቆልሎ ያበራል። ከላይ ደግሞ ብርድ የመታው ዘመዱ ቁልቁል ያየዋል።

ሳቄን ሳልጨርስ ዓይኔ ወደ ጎረቤቱ ልኳንዳ ዞረ። እዚያ የተሰቀለው ታፔላ በላሜራ ላይ በእጅ የተሣለ ነው። ሰውነቱ በጎን የቆመ፣ ፊቱ ግን ሙሉ በሙሉ ወደ መንገደኛው የዞረ ቀይ በሬ፤ ሁለት ትልልቅ ዓይኖች፤ ስለ ዕጣው ገና ምንም ያልሰማ ፈገግታ። ቀለሙ እዚህም እዚያም ተሰነጣጥቋል፤ ቀይነቱ ግን ያው ቀይ ነው። አንዱ ቀንድ ላይ ጥይት የበሳው ቀዳዳ አለ፤ የሰሜኑ ጦርነት በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ እዚህ በደረሰ ጊዜ የቀረ ነው። ባለቤቱ እንዲደፈንለት አልፈለገም።

«ፎቶ የምታነሳው ሥጋውን ነው በሬውን?» አለኝ።

«በሬውን።»

«እንግዲያስ አብሽር፣ በነፃ ነው» አለና ሰዓሊው የሚኖሩበትን ጠቆመኝ።

ሰዓሊው ስማቸውን እንዳልጽፍ ለምነውኛል፤ ጋሼ ብቻ ልበላቸው። ከገበያው ጀርባ፣ አንድ የማንጎ ዛፍ ሥር፣ በአኳራጅ ሽታ በተሞላ ግቢ ውስጥ አገኘኋቸው። ብሩሾቻቸው በቆርቆሮ ውስጥ ቆመዋል፤ አንዳንዱ ከማለቁ የተነሳ አምስት ጠጉር ብቻ የቀረው ነው። ለዓይን ብሌን የሚሆነው ግን እሱ መሆኑን ነገሩኝ። ቡና እስኪፈላ የበሬውን ፊት ነገር ጠየቅኳቸው። ለምን ወደኛ ዞረ?

«አንድ ዓይን ለሰይጣን ነው» አሉ። «ለይሁዳ ነው። በሬ ምን በደለ?»

ይህን ሕግ ያመጡት ከቤተ ክርስቲያን ሥዕል ነው። በልጅነታቸው ቀለም የፈጩላቸው መምህር የቤተ ክርስቲያን ሰዓሊ ነበሩ። በዚያ ትምህርት ደግ ሰው ፊት ለፊት በሁለት ዓይን ይታያል፤ ክፉው በጎን፣ በአንድ ዓይን። ማንበብ የማይችል ምእመን እንኳ ከሩቅ ማን ወዳጅ ማን ጠላት እንደሆነ ይለያል። እዚሁ ሰሜን ወሎ ውስጥ፣ ላስታ ያለችውን ገነተ ማርያምን ያየ ሰው የ13ኛው መቶ ዘመን ዓይኖች ከግድግዳው ላይ እንዴት እንደሚከተሉት ያውቃል። እኔ ላሊበላ ሁለት ጊዜ ስሄድ አይቻቸዋለሁ፤ ዘመዳቸውን ልኳንዳ በር ላይ አገኛለሁ ብዬ ግን አላሰብኩም። በጥቂት መስመር ጠባይን መግለጥ የካርቱን ሁሉ መሠረት ነው። ጋሼ ካርቱን የሚለውን ቃል ሳይጠሩት ሲሠሩት ኖረዋል።

አሠራራቸውን አሳዩኝ። ላሜራው መጀመሪያ አንቲረስት፣ ከዚያ ነጭ ይቀባል። ጠመኔ የታሸ ክር ከዳር እስከ ዳር ተወጥሮ ጣ! ሲደረግ ቀጥ ያለ መስመር ያወጣል፤ ፊደሉ በዚያ ላይ ይቆማል። ከዚያ ሥራው ለሁለት ይከፈላል። «ዳሩን እኔ አወጣለሁ፣ ሆዱን ልጅ ይሞላል» አሉኝ። ልጅ ያሉት ተለማማጁን ነው። ሆድ የሚሞላ ልጅ ዓመት ሁለት ዓመት ከሞላ በኋላ እጁ ዳሩን ሳያውቀው ይለምደዋል፤ አንድ ቀን መምህሩ ሲያመው ብሩሹን ያነሳል። እሳቸውም የተማሩት እንዲሁ ነው። አሁን ሆድ የሚሞላ ልጅ የላቸውም። በወር አንድ ታፔላ ከመጣ እሱን ራሳቸው ዳሩንም ሆዱንም ይሠሩታል።

ይህን ስሰማ ሐሳቤ ሩቅ ሄደ። እኔ በጎረቤት ቴሌቪዥን፣ በር ላይ ተኮልኩለን ቶምና ጄሪን እያየን ካደጉት ልጆች አንዱ ነኝ። ያቺ አይጥ ስትሮጥ የሚያሮጣት ማን እንደሆነ ያወቅኩት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ፊልም በሰከንድ 24 ምስል ያሳልፋል፤ ካርቱን ሠሪዎች አንዱን ሥዕል ብዙ ጊዜ ሁለቴ እያነሱ በ12 ይገላገሉታል። ለአንድ ደቂቃ ሩጫ 720 ሥዕል ማለት ነው። ይህን ሁሉ አንድ ሰው አይችለውም። ስለዚህ ዋናው ሰዓሊ አይጧ ስትነሳና ስታርፍ ያለውን ብቻ ይሥላል፤ በመካከል ያለውን እርምጃ ሁሉ ወጣት ረዳቶች ይሞሉታል። ከዚያ ሥዕሉ ወደ ብርሃን አስተላላፊ ስስ ፕላስቲክ ይገለበጣል፦ ከፊት በኩል በቀለም ብዕር ዳሩ፣ ከጀርባ በኩል በብሩሽ ሆዱ። በዲዝኒ ቤት ይህን የመጨረሻውን ሥራ ይሠሩ የነበሩት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። ስማቸውን ማንም የማያውቅ የሆድ ሞላተኞች ሠራዊት በሉት።

ኮምፒውተር መጀመሪያ የወሰደው የእነሱን ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው የዲዝኒ «ዘ ሊትል መርሜድ» በፕላስቲክ ላይ በእጅ ተቀባ፤ በዓመቱ የወጣው ፊልም ግን ቀለሙ ሙሉ በሙሉ በኮምፒውተር ተሞላ። እ.ኤ.አ. በ1995 ፒክሳር «ቶይ ስቶሪ»ን ሲያወጣ ዳሩም ሆዱም ኮምፒውተር ውስጥ ተሠራ፤ እ.ኤ.አ. በ2004 ዲዝኒ በእጅ የሚሥለውን ክፍሉን አዳከመና በኋላ «ልዕልቷና እንቁራሪቱ» በተባለው ፊልም ለአጭር ጊዜ መለሰው። ዓለም ያለቀሰው ለታላላቆቹ ሰዓሊዎች ነው። እነሱ ግን አልጠፉም። ጃፓናዊው ሀያኦ ሚያዛኪ ሰማንያውን አልፎ ያወጣው፣ በእጅ የተሣለ ፊልም እ.ኤ.አ. በ2024 ኦስካር ወስዷል። የጠፋው መሰላሉ ነው፤ ትንሹ ልጅ ቆሞበት የሚማርበት የታችኛው እርከን።

እኛ ዘንድ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። ቴሌቪዥናችን በ1957 ዓ.ም. ሲጀምር የልጆቹን ሰዓት የያዙት አባባ ተስፋዬ ነበሩ፤ ወንበር፣ ድምፅና ተረት። ለአርባ ዓመት ያህል ያለ ሥዕል በልጆች ጭንቅላት ውስጥ ካርቱን አሳዩ። በ1999 ዓ.ም. ገደማ «ፀሐይ መማር ትወዳለች» መጣች፤ ብሩክታዊት ጥጋቡና ባለቤቷ ቤታቸው ውስጥ ከካልሲ የሠሯት ቀጭኔ። ከእሷ በኋላ ያው ቤት «ጥበብ ገርልስ»ን አወጣ፤ ያን ጊዜ ሥራው ኮምፒውተር ውስጥ ገብቶ ነበር። ከካልሲ ወደ ኮምፒውተር በአንድ ዝላይ! ሺህ ሰው ተደርድሮ በፕላስቲክ ላይ የሚቀባበትን ዘመን አላየነውም። የእኛ ሆድ ሞላተኞች የነበሩት እንደ ጋሼ ባሉ ግቢዎች ውስጥ፣ ማንጎ ዛፍ ሥር ነው።

ማግስቱ ማክሰኞ ነበርና ወደ ወልድያ ወጣሁ፤ የገበያ ቀኗ ነው። ሲሪንቃን ካለፍን በኋላ ዳገቱ ይጀምራል። ወልድያ መንገድ የሚገናኝባት ከተማ ናት፦ ወደ ሰሜን ቆቦና አላማጣ፣ ወደ ምዕራብ ተራራውን ወጥቶ ደብረ ታቦርና ወረታ። የአሽከርካሪ ከተማ ደግሞ የጽሑፍ ከተማ ናት፤ ሆቴሉ፣ ጎማ ቤቱ፣ ባትሪ ቤቱ ሁሉ ይጣራል። ቀና ብዬ ከላይ እስከ ታች ተመላለስኩና ከመቶ ሁለት ሦስቱን በእጅ የተጻፉ አገኘሁ። የቀረው ባነርና ስቲከር ነው፤ ፊደሉም አንድ ነው። ፓወር ግዕዝ የሚባለው የኮምፒውተር ፊደል ለሁሉም አንድ ልብስ አልብሷቸዋል፤ ዳቦ ቤቱና ጠበቃው በአንድ ድምፅ ይናገራሉ። የመቻሬው ስታዲየም እንኳ ይህን ያህል ሰው አንድ ማልያ አያለብስም።

ጋሼ «አንድ ልጅ አለኝ፣ ከዳኝ እንጂ» ብለው የነገሩኝን አድራሻ ፈልጌ ፒያሳ አካባቢ አንዲት ጠባብ ማተሚያ ቤት ደረስኩ። ልጁ 25 ዓመት ቢሆነው ነው። የባነር ማሽኑ ከጀርባው ወዲያ ወዲህ ይላል። ስለ መርሳው በሬ ስነግረው ፊቱ በራ፤ «ሆዱን የሞላሁት እኔ ነኝ!» አለ። ዘጠኝ ዓመት ሲሆነው ጀምሮ አምስት ዓመት ሞልቷል። ታፔላው ሲቀንስ ግራፊክስ ተማረ።

ከሥራ በኋላ፣ ማሽኑ ሲቆም፣ ሌላ ሥራ አለው። ብሌንደር የሚባለውን ነፃ ሶፍትዌር ጭኖ አያ ጅቦን ያንቀሳቅሳል። ሶፍትዌሩ ገንዘብ የማይጠይቅ ስለሆነ አትናቁት፤ የላትቪያዎቹ «ፍሎው» እ.ኤ.አ. በ2025 ኦስካር የወሰደው በዚሁ ተሠርቶ ነው። የልጁ ላፕቶፕ ግን ሽማግሌ ነው። አንዱን ምስል ለማውጣት ሦስት ደቂቃ ይፈጅበታል፤ ለስድስት ሰከንድ 144 ምስል፣ ከሰባት ሰዓት በላይ። ሌሊት ትቶት ይተኛል። መብራት ከሄደና ባትሪው ካለቀ ጅቡ መንገድ ላይ ይቀራል።

ያለቀውን ስድስት ሰከንድ አሳየኝ። ጅቡ ከጉድጓድ ወጥቶ ወደ ጨረቃ ያሸታል፤ ጠጉሩ ሁሉ ይታያል። እውነቱን ልናገር፣ ደነገጥኩ። ይህ ወልድያ ውስጥ፣ ከባነር ጥቅል ጀርባ የተሠራ ነው። ልጁ ግን ራሱን ነቀነቀ።

«ይንሳፈፋል። አያዩትም? ክብደት የለውም። ጅብ እኮ ያነክሳል።»

እግሩን መነሻና መድረሻ ብቻ ሰጥቶት መካከሉን ኮምፒውተሩ ሞልቶታል፤ ኮምፒውተር ደግሞ እኩል አድርጎ ይከፍላል። ማነከስ እኩል አይከፈልም።

ረቡዕ ጠዋት ላፕቶፑን በቦርሳ አንግቶ አብሮኝ ወደ መርሳ ወረደ። ሰዓሊው ሲያዩት መጀመሪያ እጁን ነው የያዙት፤ ጥፍሩ ሥር ቀለም አለመኖሩን አይተው «ንጹሕ ሆነሃል» አሉት። ምስጋና ይሁን ወቀሳ አልገባኝም። ልጁ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ።

ጅቡን አዩት። ዝም አሉ። ከዚያ ከልጅ ልጃቸው ደብተር ላይ ቅጠል ገንጥለው «በ»ን ጻፉ፤ በሌላው ቅጠል ላይ «ቡ»፣ በሌላው «ቢ»፣ እስከ «ቦ»። ሰባቱን ደራርበው በአውራ ጣታቸው ቶሎ ቶሎ ገለጧቸው። እምላለሁ፣ ፊደሉ ሄደ። ወገቡ ላይ እጅ አወጣ፣ እጁ ወደ እግሩ ወረደ፣ በቀኝ እግሩ ቆመ፣ ቁርጭምጭሚቱ ላይ አምባር አጠለቀ፣ በግራ እግሩ ቆመ። 231ዱን ፊደል በልጅነቴ ስዘምር ኖሬ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያለው ሰባት እርምጃ መሆኑን ያየሁት ያን ቀን ነው። ፊደል ገበታ ለካ ገና ያልተገለጠ ካርቱን ኖሯል።

ልጁ ቅጠሎቹን በስልኩ አነሳ፣ ላፕቶፑ ውስጥ አስገባና በ«በ» እና በ«ቡ» መካከል ያለውን እንዲሞላ አዘዘው። እጁ ከወገቡ ላይ እንደ ቅቤ ቀልጦ ወጣ። የሰፈሩ ልጆች ጮኹ። ሰዓሊው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው ወደ ላፕቶፑ መስኮት ተጠጉ።

«መሃሉን ማን ሠራው?»

«እሱ ራሱ።»

«ተሳስቶ ያውቃል?»

«አይሳሳትም።»

«እንግዲያስ ከየት ይማራል?» አሉና አዲስ ቅጠል ገነጠሉ። በ«በ» እና በ«ቡ» መካከል ያለውን ራሳቸው ሊሥሉ ነው። እጁ መጀመሪያ ወደ ኋላ ሸሸት ይበል፣ የሚዘረጋ ሰው እንደሚያደርገው፤ ከዚያ አልፎ ይውጣ፤ ከዚያ ይመለስ። ዳሩን አወጡ። ቅጠሉን ለልጅ ልጃቸው ሰጧት፤ እሷም ምላሷን አውጥታ በጥቁር እርሳስ ሆዱን መሙላት ጀመረች። ከዳሩ ወጣች። ማንም አልተቆጣትም። የወልድያው ልጅ እያንዳንዱን ቅጠል ሲያልቅ እየተቀበለ ፎቶ ያነሳል።

ወደ ደሴ የሚሄደው ሚኒባስ ከመንገዱ ሲጣራ «ቢ» ላይ ደርሰው ነበር። ማንጎውን መርሳቴ ውርጌሳን ካለፍን በኋላ ትዝ አለኝ።