ለጊዜው

በሮቤ ከተማ በመዝገብ ቤት ሳገለግል ከጎባ የመጡ አንድ አባት የልጃቸውን ልደት ሊያስጽፉ ከፊቴ ቆሙ። ልጁ የተወለደው ጳጉሜን 3 ቀን ነበር። የኮምፒዩተሩ ፕሮግራም ግን ዓመትን በ12 ወር ብቻ ያውቅ ስለ ነበረ አልቀበልም አለ። ለሠሪዎቹ ብደውልላቸው፣ «ለጊዜው ነሐሴ 30 ብለው ይጻፉ፤ በኋላ እናስተካክለዋለን» አሉኝ። እኔም የሰውየው ቀን እንዳይባክን ብዬ ጻፍሁ።

ሠሪዎቹ በየጊዜው እየተመለሱ አዲስ ገጽና አዲስ ቀለም ጨመሩ፤ 13ኛውን ወር ግን ረሱት። የመሠረት ጥገና ለዓይን ስለማይታይ ምስጋና አያስገኝምና።

ዋርድ ከኒንግሃም የተባለው አሜሪካዊ የፕሮግራም ባለሙያ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1992 ዓ.ም. ይህን የመሰለውን አሠራር ከዕዳ ጋር አነጻጽሮታል። ጥቂት መበደር ሥራን ያፋጥናል፤ ቶሎ ካልተከፈለ ግን ወለዱ ይከማቻል። ስለዚህ መበደር ብቻውን ነውር አይደለም። የባሌ ገበሬም የስንዴ ዘር ይበደራል፤ ነገር ግን መክፈያው አዝመራ የሚገባበት ጊዜ መሆኑን አስቀድሞ ያውቃል። የእኛ «ለጊዜው» ግን ቀን አልተቆረጠለትም።

ከዓመታት በኋላ እኚያው አባት ሁለት ወረቀት ይዘው መጡ፤ የሐኪም ቤቱ ጳጉሜን 3፣ የእኔው ነሐሴ 30 ይላል። እውነተኛው የትኛው እንደ ሆነ ተጠይቀው ኖሯል። ወለዱን የሚከፍለው ተበዳሪው ሳይሆን ባለጉዳዩ መሆኑን ያን ጊዜ ተረዳሁ። በዚያ ቀን «ይህ ዕለት ይታረም» የምትል አንዲት መስመር በደብተር ላይ ባሰፍር ኖሮ ዕዳው ባልተረሳ ነበር። ሠሪዎቹን ከመውቀሴ በፊት፣ ሐሰቱን የጻፈችው የእኔ እጅ መሆኗን ማመን ይገባኛል።