በሰቆጣ፣ አንድ ዋይፋይ ለብዙ ላፕቶፕ

ከድንጋይና ከጭቃ በወፍራሙ በተገነባ የሰቆጣ ቤት ውስጥ አንዱን የዋይፋይ ራውተር ለብዙ ላፕቶፕ ያካፈለ ሰው፣ ኢንተርኔቱ በዘገየ ቁጥር ወቀሳውን ሁሉ ከውጭ በሚመጣው መስመር ላይ የሚያሳርፈው፣ ብዙ ጊዜ የነገሩን ሥረ ምክንያት ሳይመረምር ነው። በቅኔ ማኅሌት ሊቃውንቱ ተራ ጠብቀው እንደሚቀኙ፣ ላፕቶፖቹም አንዱን ሞገድ የሚጠቀሙበት በየተራ ነው፤ ስለዚህ ከግድግዳው ማዶ ያለው፣ ሞገዱ ደክሞ የሚደርሰው ላፕቶፕ፣ ጥቂቱን መልእክት ለማድረስ ረጅም ጊዜ ስለሚፈጅ፣ ከራውተሩ አጠገብ ያለውን ጭምር ያዘገየዋል። የ5 ጊጋኸርዝ ሞገድ ፈጣን ቢሆንም የድንጋይ ግንብ ቶሎ ይረታዋል፤ 2.4 ጊጋኸርዝ ግን ራቅ ብሎ ይዘልቃል።

እኔ ባየሁት አንድ መሥሪያ ቤት ጥፋቱ ከዚህም የተሰወረ ነበር፤ መብራት ተመልሶ ላፕቶፖቹ ባንድነት ሲከፈቱ፣ እያንዳንዱ ማንንም ሳይጠይቅ የዊንዶውስ ማሻሻያ ማውረድ ይጀምራል፤ ከዝቋላና ከዳህና ወረዳዎች የመጣውን ሪፖርት ወደ ባሕር ዳር ሊልክ የተቀመጠው ሠራተኛም ባዶውን ገጽ ሲመለከት ይውላል። በሰሜኑ ጦርነት ዘመን ከመብራትም ከስልክም ተቆርጦ ለኖረ፣ ሰቆጣ ለምትገኝበት ለዋግ ሕዝብ፣ የተገኘችው ጥቂት መስመር እንዲህ ባክና ስትቀር እጅግ ያሳዝነኛል።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፣ ማሻሻያው በራሱ እንዳይወርድ፣ በየላፕቶፑ የዋይፋይ ማስተካከያ ውስጥ «ሜተርድ ኮኔክሽን» የሚለውን አብሩ፤ ራውተሩንም ከጥግ አውጥታችሁ በቤቱ መካከል ከፍ ባለ ስፍራ አኑሩት፤ አቤቱታ የምትጽፉት ከዚህ በኋላ ይሁን።