ውኃ ላይ ትልቁ ቁጥር አይረዳም

አርባ ምንጭ የደረሰ እንግዳ ጫሞ ሐይቅ ላይ በጀልባ ተሳፍሮ ወደ «አዞ ገበያ» ሲጠጋ፣ ባይኖኩላር ካለው ከማኅደሩ ያወጣዋል። ብዙ ጊዜ የሚወጣው ኪስ የሚገባ 10×25 ወይም «ከሁሉም የበለጠ ያቀርባል» ተብሎ የተገዛ ነው። ዓይኑ ላይ ሲያደርገው ዳርቻው በሙሉ ይናጣል። አፉን ከፍቶ ፀሐይ የሚሞቀው አዞ አንዴ ይታያል፣ አንዴ ይጠፋል። ሰውየው ትንሽ ይታገልና መነጽሩን አንገቱ ላይ ጥሎ ስልኩን ያነሳል።

እንዲህ የሚሆነው መነጽሩ ርካሽ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ውድ ቢሆንም ለውኃ ካልተመረጠ ውጤቱ ብዙም አይለይም።

ባይኖኩላር ላይ ሁለት ቁጥሮች ይጻፋሉ። 7×50 ከሆነ፣ 7 ማለት ስንት እጥፍ እንደሚያቀርብ፣ 50 ደግሞ የፊተኛው ሌንስ ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። በ7 እጥፍ 350 ሜትር ላይ ያለ ጉማሬ 50 ሜትር ላይ እንዳለ ሆኖ ይታያል። ነገር ግን መነጽሩ የሚያጎላው ጉማሬውን ብቻ አይደለም፤ የእጅ መንቀጥቀጥን፣ የሞተር ንዝረትንና የማዕበል ውዝዋዜንም በዚያው ልክ ያጎላል። ተራራ ላይ ቆሞ ለሚያይ ሰው 10 እጥፍ ግሩም ነው፤ ጀልባ ላይ ግን አብዛኛው ሰው ከ7 ወይም ከ8 እጥፍ በላይ በእጁ ይዞ ማየት ይቸግረዋል። መርከበኞች ለአሥርት ዓመታት 7×50ን የሙጥኝ ያሉት በዚህ የተነሳ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ብርሃን ነው። 50ን ለ7 ሲያካፍሉት 7.1 ሚሊ ሜትር ይመጣል፤ ከመነጽሩ ወጥቶ ዓይን ላይ የሚያርፈው የብርሃን ክብ ስፋት ይህ ነው። የወጣት ሰው የዓይን ብሌን ጨለማ ውስጥ እስከ 7 ሚሊ ሜትር ድረስ ሊሰፋ ስለሚችል፣ ጎሕ ሲቀድ ወይም ሲመሽ የሚያይ ሰው ያንን ብርሃን ሁሉ ይጠቀምበታል። በ10×25 ግን ክቡ 2.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ቀን በቀንም ቢሆን ሰፊው ክብ ይጠቅማል፤ ጀልባው ሲወዛወዝ ዓይን ትንሽ ቢንሸራተትም ምስሉ አይጠፋም። ጠባቡ ግን ወዲያው ይጨልማል።

ዕድሜ ሲገፋ ብሌን እንደ ድሮው አይሰፋም። 7×50 ደግሞ አንድ ኪሎ ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ይመዝናል። ስለዚህ ቀን ብቻ ለሚጓዝና ወፍ ማየት ለሚወድ ሰው 7×35 ወይም 8×42 በቂ ነው፤ አንገትም አያደክምም። 7×50 የሚገባው ጀልባ ለሚነዳው ሰው ነው።

ውኃ መቻሉን በደንብ መጠየቅ ያስፈልጋል። «ርጭት ይችላል» እና «ውኃ አያስገባም» ለየቅል ናቸው። አይፒኤክስ7 የሚል ምልክት ያለው አንድ ሜትር ጥልቀት ውስጥ 30 ደቂቃ እንዲቆይ ታስቦ የተሠራ ነው። ውስጡ በናይትሮጂን ካልተሞላ፣ ጣና ላይ በማለዳው ቅዝቃዜ ወጥቶ ከረፋዱ ሙቀት ጋር ሲገናኝ ወይም ሲረጥብ፣ ሌንሱ ከውስጥ ጉም ሊለብስ ይችላል። ከውስጥ የለበሰውን ደግሞ በጨርቅ መጥረግ አይቻልም። የሚንሳፈፍ ማንገቻም ቢገዛለት ገንዘቡ አይባክንም።

ሱቅ ውስጥ የሚደረጉ ቀላል ፈተናዎች አሉ። መነጽሩን ክንድ ያህል አርቆ ወደ ብሩህ ግድግዳ ማዞርና የዓይን ሌንሱ ላይ የሚታየውን የብርሃን ነጥብ ማየት ነው። ሙሉ ክብ ከሆነና ጠርዙ ካልጠቆረ መልካም ነው፤ አራት ማዕዘን ሊሆን የሚዳዳው ከሆነ ውስጡ ያለው ብርሃን የሚያጥፈው መስታወት (ፕሪዝም) ጥራቱ ዝቅተኛ ነው። ቀጥሎ የሩቅ ጣሪያ ጠርዝ ማየት፤ መስመሩ ሁለት ሆኖ ከታየ ወይም ዓይን ከተጨነቀ ሁለቱ ቱቦዎች አልተጣጣሙም፣ መተው ነው። እንደ ቲማቲም የቀላ ሌንስም ብዙውን ጊዜ ለማማለል የተቀባ ነው። እውነተኛው ቅብ ሥራው ነጸብራቅን መቀነስ ነው፤ ያልተቀባ የመስታወት ገጽ እያንዳንዱ ከብርሃኑ 4 በመቶ ያህሉን ይመልሳል፣ አንድ ባይኖኩላር ውስጥ ደግሞ እንዲህ ያሉ ገጾች ከአሥር ሊበልጡ ይችላሉ። የዘይስ ኩባንያው አሌክሳንደር ስማኩላ ይህንን ቅብ የፈለሰፈው በ1935 እ.ኤ.አ. ነው። እጅ የሚያክል መነጽር ላይ 90×90 የሚል ጽሑፍ ካዩ ቁጥሩ ሐሰት ነውና ዋጋውን መጠየቅም አያስፈልግም።

ምስል የሚያረጋጉ፣ በባትሪ የሚሠሩም አሉ። በእነሱ 10 እና 12 እጥፍም ጀልባ ላይ ይቻላል። ዋጋቸው ግን ከባድ ነው፣ ውኃ የማይችሉም አሉ።

አያያዝም ግማሽ ሥራ ነው። ብዙዎች ክርናቸውን ጀልባው ጠርዝ ላይ ያስደግፋሉ፤ የሞተሩ ንዝረት በቀጥታ ወደ መነጽሩ የሚወጣው በዚያ በኩል ነው። ቁጭ ብሎ ክርንን ከጎን አጥንት ጋር ማጣበቅ ይሻላል፤ ሰውነት ራሱ ንዝረቱን ይውጠዋል። ቀይ ባሕር ወይም የባሕረ ሰላጤው አገሮች ዳርቻ ላይ የሚጠቀም ሰው፣ ውኃ የሚችል መነጽሩን ከመጥረጉ በፊት በንጹሕ ውኃ ያለቅልቀው፤ የደረቀ ጨው ሌንሱን ይፍቃል።

ለጀልባ ማኅበራትና ለአስጎብኚዎች ልመና አለ፦ በየጀልባው አንድ ደህና 7×50 ይኑር። ጉማሬ ከውኃው በላይ የሚያሳየው ጆሮውን፣ ዓይኑንና አፍንጫውን ብቻ ነው፤ አንዴ ሲጠልቅም አምስት ደቂቃ ያህል ሊቆይ ይችላል። ነጂው ከሩቅ ካየው ሳይጠጋ ያልፋል፤ እንግዳውም «ትንሽ ጠጋ በል» ብሎ አይጎተጉትም።